በግቢያችን የሚፈሰው ውኃ የማን ነው?

ሰው ስለ ውኃ አጥብቆ የሚያስበው ውኃ ሲጠፋ ነው። ቧንቧው እንደ ልብ በሚፈስበት ቀን ስለ ውኃ የሚናገር ሰው ቢገኝ ሥራ ፈት ይባላል፤ በደረቀበት ቀን ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም የውኃ ሊቅ ይሆናል። እኛም በየካ ተራራ ግርጌ ብዙ ዓመት ስንኖር ከዚህ የጋራ ጠባይ የራቅን አልነበርንም። ውኃው በፈረቃ፥ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት በሚመጣበት ሠፈር ለሚኖር ሰው፥ ከዶሮ ጩኸት ይልቅ የቧንቧ ድምፅ ይቀሰቅሰዋል፤ ተነሥቶም በርሜሉን፥ ጀሪካኑን፥ ባልዲውን፥ አንዳንድ ጊዜም ቡሃቃውን ሳይቀር ይደረድራል። ውኃው ሲሄድ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውኃው የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የቀደመ ቀዳ፥ የተኛ ቀረ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያነሡብን በመምህርነት የሚያገለግሉ አንድ ወዳጃችን ናቸው። እርሳቸው ከመገናኛ ወዲያ ሰፋ ያለ ግቢ አላቸው፤ ግቢውም ውስጥ እጅግ የሚወዱት ለምለም ሣር አለ። አንድ ቀን ለቡና ጠርተውን በሄድን ጊዜ የውኃ ጎማው በሣሩ መካከል ተጋድሞ ብቻውን ሲፈስ አገኘነውና፥ «ጎማዎ ተረስቷል መሰለኝ» ብለን በቀልድ መልክ ብንነግራቸው፥ ፈገግ ብለው እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦ «አልተረሳም። ቆጣሪው የሚቈጥረው በስሜ ነው፤ ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ግቢውም የእኔ፥ ሣሩም የእኔ ነው። እንግዲህ የገዛ ውኃዬን በገዛ ሣሬ ላይ ባፈስ ማንን በደልኩ?»

ያን ጊዜ ሳቅን እንጂ መልስ አልሰጠንም። መልሱ ቀላል መስሎን ነበርና ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ልናገኘው አሰብን፤ ነገር ግን መንገዱ አለቀ፥ መልሱም አልተገኘም። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፥ ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የሞከርነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በመጀመሪያ የጠየቅነው፥ ወዳጃችን በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? የሚለውን ነው። ውኃን ማንም አልፈጠረውም፤ ከደመና ሲወርድ የሽያጭ ደረሰኝ ይዞ አልወረደም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለድካሙ ነው። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፥ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ የድሬ ግድብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሠሩ፥ በአቃቂም ጥልቅ ጕድጓዶች ሲቈፈሩ የፈሰሰው የሰው ጕልበትና የአገር ሀብት አለ፤ ማጣሪያው፥ መድኃኒቱ፥ ውኃውን ወደ ከፍታው የሚገፋው ሞተር፥ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው መብራት አለ። ሒሳባችን የዚህ ሁሉ ድካም ጥቂት ክፍያ ነው እንጂ የውኃው ዋጋ አይደለም። ለዚህም ማስረጃው ራሱ ታሪፉ ነው። በገበያ ብዙ የሚገዛ ሰው በቅናሽ ይገዛል፤ በሾላ ገበያ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ለሚያነሣ ነጋዴ የሚነገረው ዋጋ አንድ ኪሎ ለምትገዛ እናት ከሚነገረው ያነሰ ነው። የውኃ ቆጣሪ ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ አጠቃቀሙ በጨመረ ቍጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ይወደዳል። ሕግ አውጪው በታሪፉ አማካይነት፥ «ይህ ሸቀጥ አይደለም፤ ድርሻ ነው» ማለቱ ይመስለናል።

ጆን ሎክ የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ንብረት ሲመራመር የምንጭና የመቅጃ ምሳሌ አንሥቷል። በምንጩ ያለው የሁሉ ሲሆን፥ ወደ መቅጃው የገባው ግን የደከመበት ሰው ንብረት ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው። ወዳጃችን ሎክን ጠቅሰው ቢከራከሩ ኖሮ አንድ ምዕራፍ ያሸንፉን ነበር። ነገር ግን ፈላስፋው ከዚያው ጋር አንድ ገደብ አኑሯል፤ ይኸውም አንዱ ከወሰደ በኋላ ለሌሎቹ የሚበቃና የሚመሳሰል እንዲቀርላቸው ነው። ሳይቋረጥ ከሚፈልቅ ምንጭ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ይህ ገደብ ሳይታወቀው ይፈጸማል፤ በዚህም ረገድ የእንግሊዝ አገር ዝናብ ፈላስፋውን ሳያሳስተው አልቀረም። በፈረቃ በሚመጣ ቧንቧ ላይ ግን ያ ገደብ የነገሩ ሁሉ ማዕከል ነው። የአንዱ መቅጃ ሲሞላ የሌላው ይጐድላልና።

የአገራችንም ሕግ ከሎክ መቅጃ ይልቅ ወደ ምንጩ ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚፈሰውም ሆነ በረጋው ውኃ ለመጠቀም ቅድሚያ የሚሰጠው ለማኅበረሰቡ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ደግሞ የአገሪቱን የውኃ ሀብት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ንብረት አድርጎታል፤ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ አስቀድሞም ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚሆነውን አስቀምጧል። እንግዲህ በሕግ ዐይን ወዳጃችን የውኃው ባለቤት አይደሉም፤ የጋራ ከሆነው ሀብት እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው አንድ ሰው ናቸው። ይህን በሌላ ቀን ብንነግራቸው፥ «ሕጉን ተውት፤ በደሉን አሳዩኝ» አሉን። እውነት አላቸው። ሕግ የተከለከለውን ይነግራል እንጂ የተበደለውን ሰው ፊት አያሳይም።

የተበደለውን ሰው ፊት ለማየት ወደ ተራራው መውጣት ያስፈልጋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ከመሆኑ በላይ፥ የውኃ መለያያ ድንበር ነው። በሸንተረሩ ላይ የወረደች የዝናብ ጠብታ ወደ ደቡብ ብታዘነብል በቀበና በኩል በከተማው መካከል አልፋ ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ትገባለች፤ አዋሽም ቆቃን፥ ወንጂንና መተሐራን አጠጥቶ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ይጠፋል። ያችው ጠብታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ሰሜን ብትወርድ ግን በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብታ ወደ ግብፅ ትጓዛለች። ንፋስ የገፋት አንዲት ጠብታ የአፋር አርብቶ አደር ወይም የናይል ገበሬ ድርሻ ትሆናለች ማለት ነው። በዚህ ሸንተረር ላይ ቆሞ «የእኔ ውኃ» ለሚል ሰው፥ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ውኃው ከእግሩ ሥር ሄዶበታል።

በልጅነታችን የተነገረን የጅብና የአህያ ተረት አለ። ጅቡ ከወንዙ ራስ ላይ ሆኖ ከታች የምትጠጣውን አህያ፥ «ውኃውን አደፈረሽብኝ» አላት። በተረቱ የምንስቀው ውኃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ስለምናውቅ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ የሚያስተምረን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በወንዝ ላይ በደል የሚሠራው ሁልጊዜ የላይኛው ነው፤ የታችኛው ቢፈልግም እንኳ መበደል አይችልም። በቀበና ዳር ቆሻሻ የሚጥል ሰው የሚበድለው አቃቂ ላይ በዚያ ውኃ ጎመን የሚያጠጣውን ገበሬ ነው፤ ያም ጎመን ዞሮ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል።

የቧንቧ ነገር ሲሆን ግን ተረቱ ይገለበጣል፤ ይህንም የተማርነው በራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ ሳንደብቅ እንናገራለን።

እኛ ከወዳጃችን የተሻልን ነን ብለን እናምን ነበር። ሣር የለንም፤ ያለን ጥቂት ጎመን፥ ጤና አዳም፥ በሶብላ፥ አንድ የጌሾ ቍጥቋጦና አንድ የኮክ ዛፍ ብቻ ነው። የዕቃ እጣቢውን ሳንደፋ ለጌሾው እንሰጣለን። ውኃ ቈጣቢዎች ነን ብለንም ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዝተን በግቢያችን አቆምን። ከዚያ በኋላ ሌሊት መነሣት ቀረ፤ ውኃው ሲመጣ ሮቶው በራሱ ይሞላል፥ እኛም እንተኛለን። ይህንንም ጥበብ አድርገን ለሌላው ሰው እንመክር ነበር።

ከእኛ ቤት ሦስት ቤት ከፍ ብሎ፥ ወደ ተራራው በሚወጣው ጥርብ ድንጋይ መንገድ ላይ፥ ሠፈሩ ሁሉ እማማ እያለ የሚጠራቸው አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቡና ጤና አዳም ሊቀጥፉ ወደ ግቢያችን መጥተው ሳለ ሮቶውን ቀና ብለው አዩና እየሳቁ፥ «ልጆቼ፥ ይህ ጋናችሁ ሲሞላ እኔ ቤት ይታወቀኛል። ቧንቧዬ ውኃ አይሰጥም፤ ይተነፍሳል። እናንተ ሞልታችሁ ስትጨርሱ ትንሽ ያለቅስልኛል፤ ከዚያ ይነጋል» አሉን። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ጤና አዳማቸውን ይዘው፥ መርቀውን ሄዱ።

ነገሩን ለሚያውቁ ሰዎች ብንጠይቅ እማማ የተናገሩት የተፈጥሮ ሕግ ሆኖ ተገኘ። በአንድ መስመር ላይ በዳገት የተሰለፉ ቤቶች ሁሉም ቧንቧቸውን በከፈቱ ጊዜ፥ ግፊቱ ደካማ ከሆነ ውኃው መጀመሪያ ለታችኞቹ ይዳረሳል፤ የታችኞቹ ዕቃ እስኪሞላ ድረስ ለላይኞቹ የሚደርሳቸው በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየር ነው። ባልዲ የሚሞላ ቤት በጥቂት ደቂቃ ይጠግባል፤ ሁለት ሺህ ሊትር የሚጠጣ ቤት ግን ሌሊቱን በሙሉ አይጠግብም። በወንዝ የላይኛው ይበድላል፤ በቧንቧ ግን የታችኛው። እኛም ተኝተን ሳለን፥ ምንም ሳናደርግ፥ በየፈረቃው እማማን እንበድል ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ከወዳጃችን ሣር ወደ እኛ ሮቶ የዞረው። እርሳቸው ውኃውን ያፈስሳሉ፤ እኛ ውኃውን እናስቀምጣለን። እርሳቸው አባካኝ፥ እኛ ቈጣቢ ተብለን ነበር። ለእማማ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከዚህ የተነሣ ቍጠባ በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት የማይዋደዱ ነገሮች ተሸሽገው መኖራቸውን ተረዳን። አንደኛው ከራስ ፍላጎት መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው ከሌላው ሰው ቀድሞ ማከማቸት ነው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ብልኅነት ይመስላሉ፤ ሁለቱም የተሞላ ዕቃ ያሳያሉ። የሚለያቸው አንድ ፈተና አለ፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ስለ ሥነ ምግባር ካስተማረው ጋርም የሚቀራረብ ነው፤ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ቢያደርግ ምን ይሆናል? ብሎ መጠየቅ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ እጣቢውን ለአትክልት ቢሰጥ በመስመሩ ላይ የሚቀረው ውኃ ይበዛል። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ከእኛ የበለጠ ሮቶ ቢያቆም ግን የውኃው መጠን በአንዲት ጠብታ አይጨምርም፤ የዳገቱ ጭንቀት ብቻ ይጨምራል።

ለራሳችን ጠበቃ መሆን ብንፈልግ የምንለው አናጣም። ፈረቃው የሚታመን ቢሆን ኖሮ ሮቶ ባልገዛን ነበር፤ ደግ ሰውን አከማቺ የሚያደርገው ስስት ብቻ ሳይሆን ነገን አለማወቅም ነው። በሠፈራችን አንድ የመንገድ ቧንቧ ተሰብሮ ለብዙ ሳምንት አስፋልቱን ሲያጥብ ኖሯል፤ ወዳጃችንም ይህንን ባዩ ጊዜ፥ «ይህ እየፈሰሰ እኔን በኩባያ ለክተህ አጠጣ ትሉኛላችሁን?» ብለው ወቀሱን። ወቀሳው ከባድ ነው። የሌላው ዕዳ የእኛን ዕዳ እንደማይከፍል እናውቃለን፤ ቢሆንም የቍጠባ ስብከት ሁሉ የሚሰበከው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቀን ሁለት ጀሪካን ለምትቀዳ ሴት ውኃ ቈጥቢ ማለት ስድብ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ያን በጀርባዋ ተሸክማ ከቦኖ እስከ ቤቷ ዳገት የምትወጣ ሴት የእያንዳንዱን ብርጭቆ ክብደት በትከሻዋ ታውቀዋለች። በደቂቃ ዐሥራ አምስት ሊትር የሚያፈስ አንድ ጎማ በሣር ላይ ለግማሽ ሰዓት ቢረሳ 450 ሊትር ያፈስሳል፤ ይህም የእርሷ ሃያ ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። በዚህ ስሌት የእርሷ ዐሥራ አንድ ቀን የእኛ ወዳጅ አንድ ቡና ነው። እንግዲህ ግዴታው በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም፤ የሚወድቀው ጎማ ባለው፥ ከዚያም ሮቶ ባለው ላይ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ አይመስለንም፤ ሳይሸከሙት የሚመጣ ውኃም ሰውን እያሳሳቀ ከፍርዱ ያርቀዋል።

ከዚህ በኋላ በመስመሩ ላይ ካለ ከማንም ድርሻ ሳይነካ የሚገኝ ውኃ ይኖር እንደ ሆነ ፈለግን። በጣሪያችን ላይ ነበር። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ስለ ሆነ፥ ስሳ ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 72000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው በመርጨትና በመትነን ይጥፋ ብንል እንኳ ከሃምሳ ሰባት ሺህ ሊትር በላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ ውኃ ለዘመናት አሸንዳ አድርገን ወደ መንገድ ስንሸኘው ኖረናል፤ መንገዱም ለቀበና ይሰጠዋል፤ ቀበናም በክረምት ሞልቶ የዳር ነዋሪዎችን ያስጨንቃል። ከጣሪያ ላይ የተያዘ ውኃ ከእማማ ቧንቧ አንዲት ጠብታ አይቀንስም፤ ከጎርፉ ግን ይቀንሳል። ከሁሉም ይልቅ ከሎክ መቅጃ ጋር የሚስማማው ውኃ ይህ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ሆኖም ስሌት ሰውን ያስመካል። ሃምሳ ሰባት ሺህ ሊትር በጣሪያ ላይ ቢወርድም ሮቶው የሚይዘው ሁለት ሺህ ብቻ ነው፤ በሐምሌ በጥቂት ቀን ሞልቶ ይተርፋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘን። አትክልታችን በቀን አንድ ጀሪካን፥ ማለት ሃያ ሊትር ቢበቃው፥ ሁለት ሺህ ሊትር መቶ ቀን ያደርሳል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ ብንቈጥር መቶኛው ቀን የሚውለው ጥር 10 ቀን፥ በከተራ ዕለት ነው። ከተራ የሚለው ቃል ውኃን ከመከተር፥ ማለት ከማገድ የመጣ ነው፤ በየገጠሩ በዚያ ዕለት ሕዝቡ ወንዙን ከትሮ ለማግሥቱ ጥምቀት ያዘጋጃል። አባቶቻችን ውኃ መከተርን የበዓል ሥራ ያደረጉት፥ ሁሉም ሰው በአንድነት ለሁሉም ሰው የሚከትረው ስለ ሆነ ይመስለናል።

በቀን ሃያ ሊትር እንዲበቃ ማድረጉ ግን ሙያ ይጠይቃል። ውኃ በቀትር ማጠጣት ለፀሐይ መገበር ነው፤ ከምሽቱ ወይም ከንጋቱ ይሻላል። በጎመኑ ሥር ደረቅ ሣርና ቅጠል ጐዝጕዞ አፈሩን መሸፈን ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኵስ ስለሚያወርድ ወደ ውጭ ይፈስስ፤ ሮቶውም ትንኝ እንዳይገባበት ይከደን። ከዚህ ሁሉ እኛን የማረከን ግን የማሰሮው ዘዴ ነው፤ ማሰሮውን በአትክልቶቹ መካከል እስከ አንገቱ ቀብሮ ውኃ ሞልቶ መክደን ነው። ሸክላው በቀዳዳዎቹ አማካይነት አፈሩ ሲደርቅ ይሰጣል፥ አፈሩ ሲረጥብ ያቆማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት በቻይና የተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ ይገልጻል። እኛ በመጀመሪያ ጊዜ የቀበርነው ከማጀት የወጣ አሮጌ ማሰሮ ነበርና አንዲት ጠብታ አልሰጠም፤ ለካ የተሟሸ ማሰሮ ቀዳዳው በዘይትና በጢስ የተደፈነ ነው። ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ያልተሟሸውን ገዝተን በቀበርን ጊዜ ጎመኑ አመሰገነን።

የተራራውን ታሪክ ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ ፍርዳችን የጐደለ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ የነበረው ከተማ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ የወረደው፥ ከፍታው ለጦር ቢመችም ለኑሮ ብርዱ የበረታ፥ ማገዶና ውኃ የራቀበት ስለ ነበረ ነው። ከወረዱም በኋላ ጥዱና ወይራው ስላለቀ፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተጀምሮ ነበር። ይህን ያስቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ከተማይቱን ከስደት አዳናት፤ ማገዶዋ፥ ምሰሶዋ፥ አጥሯ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች እንጀራ ነው። ይኸው ዛፍ ግን ውኃን አብዝቶ ይስባል፤ ከሥሩም ሣርና ቍጥቋጦ ስለሚሳሳ ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ በቶሎ ይወርዳል። ዛሬ በተራራው ላይ ጥድ፥ ወይራና ኮሶ መልሰው የሚተክሉ ሰዎች ትክክል ናቸው እንላለን፤ ባሕር ዛፉን የተከሉትን ግን አንወቅስም። እነርሱ ለማገዶ አሰቡ፤ ለውኃ ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም። በእኛም ሮቶ ላይ የልጅ ልጆቻችን እንዲሁ ቢፈርዱ ከፍርዱ ምሕረት እንለምናለን።

በቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ላይ ውኃ የሚጠጣበትን ተራ የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኀላፊ አለ። ወጣቶቹ በመሰላል ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ግን በሥርዓት የተወሰነ ነው። በኮንሶም ሐርዳ የሚባሉትን የዝናብ ውኃ ኩሬዎች ሕዝቡ በጋራ ይጠርጋል። ከእኛ ይልቅ ውኃ ያጠራቸው ሰዎች ከእኛ የተሻለ የውኃ ሥርዓት ሠርተዋል። ከተሜው ግን የቧንቧ ኀላፊ በቢሮ ተቀምጧልና ጎረቤቱን መጠየቅ ትቷል።

እኛም ይህን እያሰብን በአንድ የዕድር ስብሰባ ማግሥት ከዘጠኝ ቤተ ሰቦች ጋር ተነጋገርን። ውኃው በመጣ ሌሊት የታችኞቹ ቤቶች እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሮቷችንን ዘግተን እንድንቈይ፥ የላይኞቹ አስቀድመው እንዲቀዱ ተስማማን። አንድ ቤት አልተስማማም፤ አሁንም አልተስማማም። ሌሎቻችን ግን ተራ ሆነን ጠባቂ መደብን፤ ልጆቻችንም ስለ እንቅልፋቸው አጕረመረሙ። ወዳጃችን መምህሩ ነገሩን ሰምተው፥ «እንግዲህ እናንተ የራሳችሁን ድርሻ ሰጣችሁ እንጂ የሌላውን አልመለሳችሁም፤ ይህ ምጽዋት ነው ወይስ ፍርድ?» ብለው ሌላ ጥያቄ ጨመሩብን። እርሳቸው እንዲህ ናቸው። ባለፈው የካቲት ሣራቸውን ስናይ ግን ግማሹ ቢጫ ሆኗል፤ ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም፥ እርሳቸውም አልነገሩንም።

ስምምነቱ ከተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ውኃው በሰባት ሰዓት ሄደ። የላይኞቹ ቀድተዋል፤ እኛ ዘግተን ስምንት ሰዓትን ስንጠብቅ ባዶ ቀረን። የዝናቡ ውኃ ካለቀ ሰንብቷል፤ ለቡና የሚሆን እንኳ አልነበረንም። ጥዋት በሩ ተንኳኳና አንድ ልጅ ሙሉ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። «እማማ ናቸው የላኩኝ። ውኃ ሳይደርሳችሁ መንጋቱን ሰምተዋል» አለን።

ውኃው በእማማ ቆጣሪ የተቈጠረ ነው። እንክፈል ብንል እንደሚቈጡ እናውቃለን፤ ዝም ብንል ደግሞ አልከፈልንም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ባዶውን ጀሪካን ከአንድ እቅፍ ጎመን ጋር በዚያው ልጅ መለስንላቸው። ልጁ ጎመኑን ተቀብሎ ወደ ዳገቱ ሲወጣ፥ መንገዱ ላይ ቆም ብሎ፥ «ይህ በዚያ በማሰሮው ውኃ የበቀለው ነው?» ብሎ ጠየቀን። አዎን አልነው።